ስላይዱ እምቢ ያለ ቀን

የአንባቢ ደብዳቤ

«በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህርት ነኝ። ማስተርሴን የምማረው በክረምት ነው። ጥናቴ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች አንብቦ የመረዳት ችሎታ ላይ ነው። ባለፈው ፕሮፖዛሌን ሳቀርብ የደረሰብኝን ልንገርዎ። ሌሊቱን ሙሉ የሠራሁትን ስላይድ በፍላሽ ይዤ ሄድኩ። ክፍሉ ውስጥ ባለው ኮምፒውተር ስንከፍተው አማርኛው ጠፍቶ የእንግሊዝኛ ፊደልና የማይታወቅ ምልክት ሆኖ ወጣ። አንድ ልጅ ፎንት ላውርድልሽ ብሎ ሲሞክር መብራት ሄደ። ሲመጣ ደግሞ ፕሮጀክተሩ አልነሣ አለ። የተሰጠኝ 20 ደቂቃ በዚሁ አለቀ። በመጨረሻ ስናገር ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፕሮፖዛሉ በማሻሻያ አለፈ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ፕሮጀክተር ሳይ ልቤ ይመታል። ዋናው ዲፌንሴ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ኮምፒውተር ላይ ጎበዝ አይደለሁም። ምን ላድርግ? ስላይድ ይቅርብኝ፣ በቃሌ ላቅርብ ብዬ ብጠይቃቸውስ?

የጨነቃት፣ ከደሴ»

መልስ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር» ያልሽበት ቦታ ስደርስ ሆዴ ባባ። ስሜቱን አውቀዋለሁ። ወር ሙሉ የለፋሽበት ነገር በአንድ ገመድ ወይም በአንድ ፎንት የተነሣ ሰው ፊት ሲበላሽ፣ የተበላሸው አንቺ ራስሽ ይመስልሻል።

አይዞሽ። «ኮምፒውተር ላይ ጎበዝ አይደለሁም» ያልሽውን ግን አልቀበልሽም። ያን ቀን የደረሰብሽ ሦስት የተለያየ ነገር ነው፦ ፎንት፣ መብራት፣ ፕሮጀክተር። ሦስቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። ለሦስቱም መፍትሔ አለ። አንዱም የአንቺን ጉብዝና አይመለከትም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1998 ቢል ጌትስ ዊንዶውስ 98ን ለማሳየት ቺካጎ ውስጥ መድረክ ላይ ቆሞ ነበር። አብሮት የነበረው ባልደረባው ስካነር ከኮምፒውተሩ ጋር ሲያገናኝ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ፕሮግራሙን የሠራው የራሱ ድርጅት ነው። ከዚያ በላይ ማን ሊያውቀው? ጌትስ ፈገግ ብሎ አንድ ቃል ጣል አደረገና ዝግጅቱ ቀጠለ።

የራሴንም ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት ለመምህራን ሥልጠና እሰጥ ነበር። አንድ ቀን 60 የሚሆኑ መምህራን ተቀምጠው፣ የአንድ ክፍል ውሎ የሚያሳይ ቪዲዮ ላሳያቸው ተነሣሁ። ቪዲዮውን ስላይዱ ውስጥ ያስገባሁት መስሎኛል። ለካ የገባው አድራሻው ብቻ ነው፤ ፋይሉ ቤቴ ባለው ኮምፒውተር ላይ ቀርቷል። ስጫነው ጥቁር ሣጥን ብቻ ይወጣል። ጎንበስ ብዬ ስነካካ አሥር ደቂቃ ሄደ። ጀርባዬ ላይ ላቡ ሲወርድ ይሰማኛል። ከኋላ ወንበር አንዲት መምህርት፣ «መምህር፣ ቪዲዮውን ይተዉትና እርስዎ ይንገሩን» አለችኝ። ቀና አልኩና ነገርኳቸው። ልጆቹ እንዴት እንደተቀመጡ፣ መምህሩ ምን እንደጠየቀ፣ ማን ዝም እንዳለ። የአራት ደቂቃው ቪዲዮ የግማሽ ሰዓት ውይይት ሆነ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ይዣለሁ። «ይህ ቢበላሽ ምን አደርጋለሁ?» የሚለውን ቤቴ ቁጭ ብዬ እወስናለሁ። ሰው ፊት ቆሞ፣ ላብ እያጠመቀው በደህና የሚወስን ሰው አላየሁም። ለአንቺም የምልሽ ይህንኑ ነው። ሦስቱን ሳምንት እንዳይበላሽ ለመጠንቀቅ ብቻ አታውያቸው። ሲበላሽ እጅሽ ወዴት እንደሚሄድ አሁኑኑ ወስኚ።

ከፎንቱ ልጀምር። በአማርኛ የምንሠራ ሰዎች ሁሉ ችግር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ዩኒኮድ ማለት የየቋንቋው ፊደል ሁሉ የራሱን ቁጥር የሚያገኝበት፣ ኮምፒውተሮች የሚጋሩት ሥርዓት ነው። የግዕዝ ፊደል እዚያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች የየራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ነው። ፎንቱ ግን በዚያ ፈንታ «ሀ» እና «ለ» እያደረገ ይስለዋል። ፎንቱ የተጫነበት ኮምፒውተር ላይ አማርኛው ይነበባል። ፎንቱ የሌለበት ላይ ከሥር ያለው ይገለጣል። ያን ቀን ያየሽው ይህንን ነው። ፋይልሽ አልተበላሸም ነበር። የድሮው ቪዥዋል ግዕዝና የድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ፎንቶች እንዲህ ነው የሚሠሩት። ዛሬም የሚጽፍባቸው ሰው ብዙ ነው። አዲሶቹ የፓወር ግዕዝ ስሪቶች የዩኒኮድ ፎንትም ስላላቸው ስሙን ብቻ አይተሽ አትወስኚ።

የአንቺ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ከስላይድሽ አንድ ዓረፍተ ነገር ኮፒ አድርጊና በቴሌግራም ለራስሽ ላኪው። አማርኛ ሆኖ ከደረሰ ዩኒኮድ ነው። የተዘበራረቀ የእንግሊዝኛ ፊደል ሆኖ ከደረሰ የድሮው ነው። የድሮው ከሆነ ፎንት መቀየር አያድንሽም፤ ጽሑፉ ራሱ መለወጥ አለበት። የስላይድ ጽሑፍ አጭር ስለሆነ በዩኒኮድ እንደ አዲስ ጻፊው። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃሻል። እየጻፍሽም የምትቀንሽው ነገር ታገኛለሽ።

ዩኒኮድ ሆኖም ጣጣ አለ። ኒያላ የሚባለው ፎንት ቀድሞ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣ ነበር። ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን በተጨማሪነት የሚጫን ሆኗል። አብሮ የሚመጣው ኤብሪማ ነው። በኒያላ የሠራሽውን ስላይድ ኒያላ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ብትከፍቺው በሌላ ፎንት ይተካዋል። አማርኛው ይነበባል። ግን ፊደሉ ይሰፋል፣ መስመሩ ይሰበራል፣ የሰንጠረዥሽ የመጨረሻ ረድፍ ከስላይዱ ሥር ይሰወራል። ፈታኝሽ ደግሞ የሚጠይቅሽ ስለዚያች ረድፍ ይሆናል። ስለዚህ ከመጀመሪያው በኤብሪማ ሥሪው። ከዚያ ፓወርፖይንት ላይ «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ሴቭ» ብለሽ ግቢና ከታች ፎንቱን ፋይሉ ውስጥ አስገባ የሚለው ላይ ምልክት አድርጊ። በእንግሊዝኛ «ኢምቤድ ፎንትስ ኢን ዘ ፋይል» ይላል።

ከሁሉም በላይ ግን ስላይዱን በፒዲኤፍም አስቀምጪው። ፒዲኤፍ የፊደሉን ቅርጽ ራሱን ይዞ ስለሚሄድ የትም ብትከፍቺው ያው ነው። የሚጠፋው አኒሜሽንና ቪዲዮ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለአንብቦ መረዳት ጥናት እየተሽከረከረ የሚገባ ጽሑፍ አያስፈልግም። እኔ አንቺን ብሆን ከመጀመሪያውም በፒዲኤፉ ነበር የማቀርበው።

ሌላው ፍላሽ ነው። ፍላሽን አትመኚው። አገራችን ውስጥ ፍላሽ ፕሪንት ቤት ገብቶ ሲወጣ ምን ይዞ እንደሚወጣ አይታወቅም። ፎልደሮችሽ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ታዪያቸዋለሽ፤ ስትጫኛቸው ቫይረሱ ወደ ኮምፒውተሩም ይዛመታል። ይህ ከደረሰብሽ ሾርትከቱን አትንኪው። ፋይሉ አብዛኛውን ጊዜ አልጠፋም፤ ተደብቆ ነው። «ቪው» ውስጥ «ሂድን አይተምስ» የሚለውን ስታበሪ ደብዘዝ ብሎ ብቅ ሊል ይችላል። ሁለት ፍላሽ ያዢ። አንደኛው ፕሪንት ቤት ደጃፍ አይድረስ። የሚታተመውን በቴሌግራም ወይም በኢሜይል ላኪላቸው። ፒዲኤፉን ስልክሽ ላይም አውርጂው። «ቴሌግራም ላይ አለልኝ» ማለት አውርደሽዋል ማለት አይደለም። የዚያን ቀን ኔትወርክ ባይኖርስ? ክፍሉ ስትደርሺ ደግሞ ፋይሉን ከፍላሹ ላይ አትክፈቺው። መጀመሪያ ዴስክቶፕ ላይ ኮፒ አድርጊው፤ አንድ ሰው ሳያውቅ ፍላሹን ቢነቅለው እንኳ ሥራሽ አይቋረጥም።

የገመዱን ባጭሩ ልጨርሰው። የቆዩ ፕሮጀክተሮች ቪጂኤ ነው ያላቸው፤ ጫፉ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ የሆነ፣ በሁለት ብሎን የሚጠብቀው ነው። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ግን ይህ ቀዳዳ የለም፤ ያለው ኤችዲኤምአይ ነው፣ አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ታይፕ ሲ ብቻ። የምትይዥው ላፕቶፕ አዲስ ከሆነ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር አዳፕተር ተዋሺ ወይም ግዢ። ታይፕ ሲ ሁሉ ምስል እንደማያስተላልፍም እወቂ፤ ቀድሞ መሞከር ነው። ገመዱ ተሰክቶ ምስል ካልመጣ የዊንዶውሱን ምልክት ይዘሽ «ፒ» የሚለውን ተጫኚና «ዱፕሊኬት» የሚለውን ምረጪ። አሁንም ከሌለ ፕሮጀክተሩ ወይም ሪሞቱ ላይ «ሶርስ» ወይም «ኢንፑት» የሚል ቁልፍ አለ። «ኖ ሲግናል» የሚለው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ በሁለቱ ይፈታል።

መብራትን እንነጋገር። መሄዱን መከልከል አንችልም። ሲሄድ ምን እንደሚሆን ማወቅ ግን እንችላለን።

ክፍሉ ውስጥ ያለው ዴስክቶፕ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ባትሪ፣ ከሌለው ያንኑ ሰከንድ ይጠፋል። ስለዚህ ከተፈቀደልሽ ባትሪው ደህና በሆነ ላፕቶፕ አቅርቢ። ደህና መሆኑን በግምት አትለፊው። ቻርጀሩን ነቅለሽ፣ ስላይዱን ከፍተሽ፣ አንድ ጊዜ ሙሉውን ተለማመጂ። ባትሪው ልምምዱን ሳይጨርስ ከጠፋ፣ ከጓደኛ መዋሻ ጊዜ አለሽ። ዲቫይደርም ያዢ። የግድግዳው ሶኬት የት እንዳለ አይታወቅም፤ ያለውም ላልቶ ቻርጀሩን አልይዝ ሊል ይችላል።

ፕሮጀክተሩ አልነሣ ያለሽ ደግሞ ምናልባት ተበላሽቶ አይደለም። በአምፖል የሚሠራ ፕሮጀክተር በጣም ይግላል። በደንቡ ሲጠፋ ማራገቢያው ትንሽ ቆይቶ ያቀዘቅዘዋል። መብራት በድንገት ሲሄድ ግን ማራገቢያውም አብሮ ይቆማል፤ አምፖሉ እንደጋለ ይቀራል። መብራት ሲመለስ እስኪበርድ ድረስ አልነሣም ይላል። ያኔ አምስት ሰው ተሰብስቦ በየተራ ቁልፉን ይጫናል። አይጠቅምም። አንድ ጊዜ ተጭኖ ጥቂት ደቂቃ መተው ነው። አንቺ ያን ሰዓት ወረቀትሽን ይዘሽ እየተናገርሽ መሆን አለብሽ።

ወደ ወረቀቱ መጣሁ። በሦስት ሳምንቱ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ዝግጅት የለም እላለሁ። ለእያንዳንዱ ፈታኝና ለአማካሪሽ ስላይዱን አትመሽ ያዢ። በአንድ ገጽ ሁለት ስላይድ ይሁን፤ ስድስት ካደረግሽው አይነበብም። ገጹን በትልቁ ቁጥር ስጪው። ዋና ዋናዎቹን ሰንጠረዦች ደግሞ ለብቻቸው፣ እያንዳንዳቸውን በሙሉ ገጽ። ይህን ስታድዪ ፈታኞቹ ማስታወሻ የሚይዙበትም ያገኛሉ። ብዙዎቹ በልባቸው ያመሰግኑሻል።

ማርከርም ግዢ። የራስሽ፣ አዲስ ማርከር። አንቺ መምህርት ነሽ። ሰሌዳ ፊት ስንት ዓመት ቆመሻል! ከውጤቶችሽ ውስጥ አንዲቱን፣ ጥናቱ ሁሉ የቆመባትን፣ በአራት መስመር ሰሌዳ ላይ መጻፍ ተለማመጂ። ምን ያህሉ ተማሪ ጥሬ መልሱን ከምንባቡ ማውጣት ቻለ፣ ምን ያህሉ ከምንባቡ ተነሥቶ የራሱን ግምት መስጠት ቻለ፤ ሁለት ዓምድ፣ ሁለት ረድፍ። ፕሮጀክተሩ ቢሞት ይህቺ ሰሌዳ ላይ ያለች ሰንጠረዥ ትበቃሻለች።

ልምምዱን አንድ ቀን ማታ ቤትሽ አድርጊው። ላፕቶፑን ዝጊ። መብራቱንም አጥፊው፣ ሻማ ወይም የስልክ መብራት ይበቃል። እናትሽን፣ እህትሽን ወይም ጎረቤትሽን አስቀምጪና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ንገሪያቸው። የትኛው ጋ እንደምትደናቀፊ ታውቂያለሽ። የምትደናቀፊበት ቦታ ብዙ ጊዜ ስላይዱን እያነበብሽ የምታልፊው ቦታ ነው።

በዋዜማው ደግሞ ክፍሉ ድረስ ሂጂ። ቁልፉ ያለው ማን ጋ ነው? የጽዳት ሠራተኛዋን፣ ጥበቃውን፣ የዲፓርትመንቱን ጸሐፊ ጠይቂ። በትሕትና ከጠየቅሻቸው አሥር ደቂቃ አይነፍጉሽም። ግቢና ሁሉንም ሰክተሽ ክፈቺው። ከዚያ የመጨረሻው ወንበር ላይ ሄደሽ ተቀመጪ። ከዚያ ሆነሽ የሰንጠረዡ ቁጥር ካልታየሽ ለማንም አይታይም። መጋረጃው ይዘጋል? ፀሐዩ ስክሪኑ ላይ ያርፋል? ከሰዓት ከሆነ የምታቀርቢው ከሰዓት ሂጂ። አሮጌ ፕሮጀክተር ላይ ቢጫና ደብዛዛ አረንጓዴ ጭራሽ አይታዩም፤ ነጭ ላይ ጥቁር አድርጊው። ዊንዶውስ አፕዴት የሚፈልግ ከሆነም ሦስት ቀን ቀደም ብለሽ ጨርሽው። ቴሌግራምንም ዝጊው። ፈታኞች ፊት «የኔ ቆንጆ፣ አይዞሽ» የሚል መልእክት ስክሪኑ ላይ ብቅ ያለባት ተማሪ አውቃለሁ። ማንም ክፉ አላሰበም፤ እሷ ግን የምትለው ጠፍቷት ቆመች።

አንድ ሰውም ያዢ። ቅድም የጻፍሽልኝ ልጅ ፎንት ሊያወርድልሽ ሲሞክር አንቺ አጠገቡ ቆመሽ ስክሪኑን ታዪ እንደነበር እገምታለሁ። ስሕተቱ እዚያ ጋ ነው። ሁለታችሁም ኮምፒውተሩን ስታዩ ፈታኞቹን የሚያያቸው የለም። አብራሽ የምትማር ጓደኛሽን ቀድመሽ ለምኛት። ገመዱ፣ ፕሮጀክተሩ፣ ፋይሉ የእሷ ነው። ወሬው የአንቺ ነው። የሆነ ነገር ሲበላሽ እሷ ትነሣለች፣ አንቺ ፊትሽን ወደ ሰዎቹ ታዞሪያለሽ።

የምትዪውንም አሁን ቃል በቃል ያዢው፦ «ይቅርታ መምህራን፣ እሱ እስኪስተካከል እጃችሁ ላይ ካለው ወረቀት ገጽ አራት ላይ እቀጥላለሁ።» በቃ። አንድ ጊዜ ይቅርታ ይበቃል። ደጋግመሽ ይቅርታ ስትጠይቂ ሰዉ ጥናቱን ትቶ ለአንቺ ማዘን ይጀምራል። ስንት ደቂቃ እንደምትጠብቂም ወስኚ። ከ20 ደቂቃ ውስጥ እኔ ሁለት ደቂቃ እሰጠዋለሁ። ሁለት ደቂቃ ካለፈ ለጓደኛሽ «ተዪው» በያት። ከዚያ በኋላ ቢነሣም ባይነሣም በወረቀቱ ትጨርሻለሽ። ምናልባት ቢነሣና መመለስ ብትፈልጊ የስላይዱን ቁጥር ጽፈሽ «ኢንተር» ስትጫኚ ፓወርፖይንት በቀጥታ እዚያው ያደርስሻል። ከመጀመሪያው እየገለጥሽ መምጣት የለብሽም።

የልብሽ መምታት በአንድ ጊዜ ይቆማል አልልሽም። ግን የፈራሽው ነገር ስም ሲኖረው ይቀላል። አሁን የድሮ ፎንት፣ የጋለ አምፖል፣ የማይገጥም ገመድ ብለሽ ልትጠሪው ትችያለሽ።

አሁን የመጨረሻውን ጥያቄሽን ልመልስ። «ስላይድ ይቅርብኝ ብዬ ብጠይቃቸውስ?» ብለሽኛል። አትጠይቂ። ያለ ስላይድ ማቅረብ እንደምትችዪ አልጠራጠርም፤ እንዲያውም ከላይ የነገርኩሽ ልምምድ ሁሉ ለዚያ ነው። ጥናትሽ ግን ቁጥር አለበት፣ የተማሪዎችሽ መልስ አለበት። ፈታኝ ቁጥር በጆሮው ብቻ ሰምቶ አይፈርድም፣ ማየት ይፈልጋል። ልጆቹ በራሳቸው እጅ የጻፉት መልስ ካለሽ ደግሞ ስማቸውን ሸፍነሽ አንዱን ፎቶ አንሺና ስላይድ ላይ አድርጊው። የአንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ የእጅ ጽሑፍ፣ ምንባቡን የተረዳበትና ያልተረዳበት ቦታ እዚያው ግድግዳ ላይ በትልቁ ሲታይ፣ ያ ክፍል ጸጥ ይላል። እሱን ፎቶ በወረቀትም አትሚው። በቀለም ይሁን።